ዝቅ ያለ መኪና አላይመንት አይቀበልም?

ሰላም ወንድሜ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። የ2008 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ አለህ። መኪናውን በ35 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላ በአራቱም እግር አስገጥመሃል። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብለህ ስትነዳ መሪው ወደ ቀኝ ዘመም ይላል። የፊት ጎማዎችህም ከውስጥ በኩል መበላት ጀምረዋል። አንዱ ጋራዥ "ካምበሩ ነው፣ የካምበር ብሎን ግዛ" አለህ። ሌላው "ዝቅ ያለ መኪና አላይመንት አይቀበልም፣ የድሮውን ሞላ መልስ" አለህ (አላይመንት የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ በልክ ማስተካከል ነው፤ ካምበር ደግሞ የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል ነው)። ጎሚስታው ደግሞ "ባላንስ ብቻ ይበቃዋል" ብሎ ሸኘህ። ማንን ልመን ነው ያልከው።

የጎሚስታውን ቶሎ ልጨርሰው። ባላንስ፣ ማለትም የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን፣ ከ80 እስከ 100 ባለው ፍጥነት ላይ የሚመጣውን የመሪ ንዝረት ያጠፋል። ጎማ ከአንድ ወገን ብቻ ሲበላ ባላንስ የሚያመጣው ነገር የለም። አላይመንት አይቀበልም የተባለውም ትክክል አይደለም፤ 35 ሚሊ የወረደ ያሪስ በደንብ ይስተካከላል። የካምበሩ ነገር ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚያ ላይ ነው።

መኪና ዝቅ ሲል የጎማው አናት ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ኔጋቲቭ ካምበር የሚባለው ይሄ ነው። ከፊት ቆመህ ስታየው በዓይንህ ይታወቅሃል። ስለሚታይም ጥፋቱ ሁሉ ይላከክበታል። ከዚሁ ጋር አብሮ የሚቀየር፣ በዓይን ግን የማይያዝ ሌላ ነገር አለ። ቶ ይባላል። ሰው ሲራመድ የእግሩ ጣቶች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚያዩት ሁሉ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎችም ከላይ ቢታዩ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ (ቶ ኢን) ወይም ወደ ውጭ (ቶ አውት) ሊዞር ይችላል። ጎማ የሚጨርሰው በአብዛኛው ይሄኛው ነው።

ለምን እንደሚቀየር ላስረዳህ። ጎማውን ከታች በኩል የሚይዘው ሎወር አርም ነው። ከመሪው መጥቶ ጎማውን የሚያዞረው ደግሞ ታይሮድ ነው። ሁለቱም ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄዱ ቅስት እየሠሩ ነው። ርዝመታቸውና የሚነሱበት ቦታ ግን አንድ ስላልሆነ ቅስታቸው አይገጥምም። ፋብሪካው መኪናው በተለመደው ከፍታ ሲቆም እንዲስማሙ አድርጎ አስተካክሏቸዋል። አንተ 35 ሚሊ ስታወርደው አንዱ ከሌላው ይቀድማል፣ ታይሮዱም ጎማውን ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። እንደ ያሪስ ባሉ መኪኖች ላይ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ቶ አውት ነው። ከውስጥ በኩል የመበላቱ ነገርም ከዚህ ጋር ይሄዳል።

መጠኑን በቁጥር ልንገርህ። አንድ ጎማ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ተዛንፎ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቢነዳ፣ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 8.7 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። ግማሽ ዲግሪ በዓይን አይታይም። ከለገሃር ተነስተህ በቸርችል ወደ ፒያሳ ስትወጣ መንገዱ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ አስብና ጎማህ ምን ያህል አስፋልት ላይ እንደሚፈገፈግ ገምት። በሌላ በኩል አንድ ዲግሪ፣ እንዲያውም አንድ ዲግሪ ተኩል ኔጋቲቭ ካምበር ያለው መኪና ቶው ከተስተካከለ ጎማውን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይሄዳል። ውስጡ ትንሽ ቀድሞ ያልቃል እንጂ በሳምንታት አይላጭም።

የትኛው እንደሆነ ግን በእኔ ግምት አትመን። በእጅህ ራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። መኪናውን አቁመህ መሪውን አዙር፣ የፊት ጎማው ፊት ወደ ውጭ ይወጣልሃል። መዳፍህን ጎማው ላይ አሳርፍና ከውጭኛው ጠርዝ ወደ ውስጠኛው ቀስ አድርገህ ሳብ። ከዚያ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ መልሰው። ወደ ውስጥ ስትስብ የጎማው ጥርሶች ጠርዝ እጅህን እየቧጠጠ፣ ወደ ውጭ ስትመልስ የሚለሰልስ ከሆነ ቶ አውት ነው። ተቃራኒው ከሆነ ቶ ኢን በዝቶበታል። በሁለቱም አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ የውስጠኛው ትከሻ ብቻ ካለቀ ያኔ ካምበሩን ጠርጥር። ይህን ምርመራ ማሽን ላይ ከመውጣትህ በፊት ብታደርገው ደስ ይለኛል፤ ጋራዥ ስትገባ የምትጠይቀውን አውቀህ ትገባለህ።

አሁን ወደ መሪው መዝመም። ይሄ ከጎማው መበላት በላይ የሚነግረን ነገር አለ። አራቱም ሞላ እኩል ካወረዱ ግራና ቀኙ እኩል መቀየር አለበት፤ መሪውም መሃል ላይ መቆየት ነበረበት። ከዘመመ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት አልሆነም ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያ የማየው የገጠማውን ሥራ ነው። የያሪስ የፊት ሾክ አብዞርበር ከታች በሁለት ወፋፍራም ብሎኖች ነው ጎማውን ከተሸከመው ብረት ጋር የሚታሰረው። ሞላ ለመቀየር እነዚህ ብሎኖች የግድ ይፈታሉ። ቀዳዳቸው ላይ ትንሽ ክፍተት አለ። መካኒኩ መልሶ ሲያጠብቅ በግራ በኩል ጎማው ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ በቀኝ በኩል ወደ ውጭ ተስቦ ከታሰረ ካምበሩ ግራና ቀኝ ይለያያል። ካምበር ሲቀየር ደግሞ ቶው አብሮ ይቀየራል። መሪው መሃሉን የሚስተው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ የካምበር ብሎን ከመግዛትህ በፊት ያለህን ክፍተት ተጠቀምበት። መኪናው ከፍ ብሎ ሁለቱ ብሎኖች ይላላሉ፣ የጎማው አናት በሁለቱም በኩል በአንድ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ውጭ ተስቦ ተይዞ ይጠበቃል። ካምበሩ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግራና ቀኙም ይቀራረባል። ይሄ ከጉልበት በቀር ምንም አያስወጣም። ካልበቃ ብቻ ቀጠን ያለውን ማስተካከያ ብሎን አስገባ። ቶዮታ ራሱ ለዚህ የሚሆን ብሎን አለው፤ ከሶማሌ ተራ ስትገዛ ጥንካሬው የተመሰከረለት መሆኑን ጠይቅ። የፊት እግርን የሚይዝ ብሎን ስለሆነ ርካሽ አይፈለግበትም። የድሮውን ዳዶም መልሰህ አትጠቀም፣ አዲስ አድርግለት።

አላይመንት ማሽን ላይ ከመውጣትህ በፊት ሌላ አንድ ሥራ አለ። ብዙ ቦታ ይዘለላል፣ እኔ ግን ሁሌም የምጨቀጭቅበት ነው። የሎወር አርሙ ጎሚኒ፣ ማለትም በብሎኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ፣ በውስጡ ካለው ብረት ጋር የተጣበቀ ነው። እንደ በር ማጠፊያ አይሽከረከርም፤ ላስቲኩ ራሱ ነው የሚጠመዘዘው። ብሎኑ በድሮው ከፍታ ታስሮ ከነበረና መኪናው አሁን 35 ሚሊ ከወረደ፣ ጎሚኒው ቀንም ሌትም ተጠምዝዞ ነው የሚያድረው። የባሰው ደግሞ መኪናው ሊፍት ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ብሎኑ ሲጠበቅ ነው። ያኔ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ በአንድ ጊዜ ይጨነቃል። ከፍታው ሞላው ከሚለው ከፍ ብሎ ይቆያል። ጎሚኒውም ቶሎ ይሰነጠቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብሎኖቹ ይላላሉ፣ መኪናው በአራት ጎማው ይቆማል ወይም ጎማው የሚቆምበት ሊፍት ላይ ይወጣል። ፊቱን ጫን ጫን አድርገህ ታንቀሳቅሰዋለህ፣ ቦታውን ሲይዝ በዚያው ክብደት ላይ ይጠበቃል። የኋላው እግርም እንደዚሁ ነው፤ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ሁለት ትልልቅ ጎሚኒ አለው። "ይሄን ሠርታችኋል?" ብለህ ስትጠይቅ ምን እንደምትል ያልገባው መካኒክ ካጋጠመህ ሌላ ጋራዥ ፈልግ። ከዚህ በፊት የተሠራ አላይመንት ካለም ጎሚኒዎቹ እንደገና ከታሰሩ በኋላ ዋጋ የለውም፣ መደገም አለበት።

እዚያው እያለህ ቦል ጆይንቱን (ሎወር አርሙ ጎማውን ከተሸከመው ብረት ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ)፣ የታይሮድ ጫፎቹንና ጎሚኒዎቹን አስፈትሽ። ከቂርቆስ የውስጥ መንገዶች ጀምሮ ወደ ተክለ ሃይማኖት እስክትደርስ ኮብልስቶኑ፣ ጉድጓዱና ጉብታው የፊት እግርን ያደክመዋል። ልቅ የሆነ ነገር ላይ የተሠራ አላይመንት ማሽኑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታይና ከጋራዡ በር ሳትርቅ ይጠፋል።

ሞላው ላይም አንድ ጥያቄ አለኝ። አጭር ሆኖ የተሠራ ነው ወይስ የመኪናው ሞላ ተቆርጦ ነው? የተቆረጠ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፤ አውጣው። የተቆረጠ ሞላ መቀመጫው ላይ በትክክል አይተኛም፣ ግራና ቀኙም እኩል አይወጣም። በእሳት ተሞቆ የወረደ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ጠባዩን አጥቷል፣ አንድ ቀን ይሰበራል። ለዚህ አላይመንት መፍትሔ አይሆንም። በትክክል የተሠራ ከሆነ ከፍታውን ራስህ ለካው። ደልዳላ ቦታ አቁመህ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ያዝ። ከመሬት አትለካ፤ የጎማ ንፋስ ልኬቱን ያዛባብሃል። የፊት ሁለቱ በመካከላቸው፣ የኋላ ሁለቱም በመካከላቸው መቀራረብ አለባቸው። ልዩነቱ ከ10 ሚሊ ካለፈ አንዱ ሞላ በትክክል አልተቀመጠም ብለህ ጠርጥር።

አዲስ ሞላ ከተገጠመ በኋላ ትንሽ ይቀመጣል። ስለዚህ "አንድ ሁለት ሳምንት ነድተህ ና" የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነት አለው፣ ግን እንዳለ አልቀበለውም። ቶው በጣም ከተዛነፈ ሁለት ሳምንት ጎማ ለማበላሸት ይበቃል። እኔ ብሆን በዚያው ቀን ቶውን ብቻ አስይዤ፣ ሞላው ከተቀመጠ በኋላ ሙሉውን አላይመንት እሠራለሁ። ያንተ አሁን ተቀምጧል፣ መጠበቅ አያስፈልግህም።

ማሽኑ ጋ ስትደርስ የአራት ጎማ አላይመንት ጠይቅ። የፊቱን ብቻ መለካት አይበቃም። የያሪስ የኋላ እግር አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ በብሎን የሚስተካከል ነገር የለውም፣ ሞላ ማሳጠርም ብዙ አይለውጠውም። ታዲያ ለምን ይለካል? የኋላው ወደ አንድ ጎን የሚያይ ከሆነ መኪናው በዚያ አቅጣጫ ይገፋል፤ አንተም ቀጥ ለማለት መሪውን ሁልጊዜ ዘመም አድርገህ ትይዛለህ። ምናልባት ያንተ መሪ የዘመመው በዚህም ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የመታ መኪና እንዲህ ያደርጋል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የፊቱ ከኋላው ጋር እንዲስማማ ይደረጋል። ትልቅ ከሆነ በኋላው ጎማ መቀመጫ ሥር ስስ የማስተካከያ ብረት ይገባል፣ ወይም የተጣመመው እግር ይቀየራል።

ሥራው ሲጀመር ቆመህ ተመልከት። የአራቱም ጎማ ንፋስ በመጀመሪያ ይስተካከል። መኪናው ውስጥ የከረመ ከባድ ዕቃ ካለ አውርደው። የምትነዳው ሁልጊዜ ሰው ሞልተህ ከሆነ ግን ለሠራተኛው ንገረው፤ ሰው ሲጫን መኪናው ይወርዳል፣ ቶውም ይቀየራል። የማሽኑ መለኪያዎች ቸርኬው ላይ ከታሰሩ በኋላ መኪናው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሊገፋ ወይም ጎማው ሊሽከረከር ይገባል። የቸርኬ መጣመም ልኬቱን እንዳያዛባ ነው። ይሄን የዘለለ ሠራተኛ ካየህ በትህትና አስታውሰው።

ከዚያ "ከመነካቱ በፊት ያለውን አትምልኝ" በለው። ይሄ ወረቀት ያስፈልግሃል። መኪናህ ምን ሆኖ እንደገባ የሚያሳይህ ሌላ ማስረጃ የለም። ማሽኑ ካምበሩን በቀይ ሊያሳይህ ይችላል፣ አትደንግጥ። ማሽኑ የሚያወዳድረው ከፋብሪካው ከፍታ ጋር ነው፣ አንተ ደግሞ ከፍታውን ቀይረሃል። እኔ ካምበር ላይ የማየው ሁለት ነገር ነው፤ ከአንድ ዲግሪ ተኩል አለማለፉንና በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ከ30 ደቂቃ፣ ማለትም ከግማሽ ዲግሪ፣ አለመብለጡን። ካስተር፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ፣ በሞላ ብዙም አይነካም። ግራና ቀኙ በጣም ከተለያየ የተጣመመ አርም ወይም ቦታውን የሳተ የሞተር መቀመጫ ብረት አለ ማለት ነው፣ ያኔ አላይመንቱ ቆሞ ያ ይፈለጋል።

ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። ኋላው ይታያል፣ የፊት ካምበር ይያዛል፣ በመጨረሻ ቶ። ቶ ተሠርቶ ካምበር ከተነካ ቶው ፈርሷል። ቶው ላይ የፋብሪካውን ልክ ያዝ፣ ወደ ዜሮ ወይም ወደ ትንሽ ቶ ኢን ይጠጋ። ቶ አውት ሆኖ እንዳይወጣ። መሪው ቀጥ ብሎ በመቆለፊያ ተይዞ ሁለቱም ታይሮዶች መስተካከል አለባቸው። አንዱን ብቻ አዙሮ ድምሩን ማስተካከል ይቻላል፤ ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ይወጣል፣ መሪው ግን እንደዘመመ ይቀራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ መሪውን ነቅለው ቀጥ አድርገው መልሰው ይሰኩታል። ይሄን እሺ አትበል። መሪው ለዓይን ቀጥ ይላል፣ የመሪው ማርሽ ግን መሃሉን ስቶ ይቀራል። አዲስ መኪና ላይ ደግሞ የመሪውን አቅጣጫ የሚያነብ ሴንሰር ስላለ ከአላይመንት በኋላ ዜሮው በኮምፒውተር እንደገና መያዝ አለበት፣ አለበለዚያ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሊበራ ይችላል።

ለሙከራ እሁድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ውጣ። ቸርችል ዳገት ስለሆነ ለዚህ አይመችም፤ በመስቀል አደባባይና በስታዲየም በኩል ያለው ደልዳላ መንገድ ይሻላል። መንገዶች ውሃ እንዲወርድላቸው መሃላቸው ከፍ ብሎ ጠርዛቸው ዝቅ ስለሚል፣ በቀኝ የሚነዳ መኪና ትንሽ ወደ ቀኝ መሳቡ ጤናማ ነው። በመሃለኛው ረድፍ ስትሄድም የሚስብህ ከሆነ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያይር (አቅጣጫ የተጻፈባቸው ካልሆኑ)። መሳቡ አቅጣጫውን ከቀየረ ችግሩ የጎማው ነው፣ አላይመንቱን አትውቀስ።

አላይመንት የማይፈታውንም ልንገርህ። መኪናው በቆመበት ከፍታ ላይ ያለውን ቶ እናስተካክላለን። ጉብታ ላይ ስትወጣ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ግን ታይሮዱ ከበፊቱ በበለጠ አንግል ስለሚሠራ ጎማው ትንሽ ይዞርና መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል። በ35 ሚሊ ይሄ ይቻላል። ከዚያ በላይ ልውረድ ብትለኝ አልመክርህም። በእኔ አስተያየት ለአዲስ አበባ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ይበቃል፤ መኪናው ያምራል፣ አራት ሰው ጭነህም ጉብታውን ታልፋለህ። ሾክህ የድሮው ከሆነም ተከታተለው። አጭር ሞላ ላይ የመውረጃ ቦታው ስለሚያንስ ጫፉ ላይ ያለውን መከላከያ ላስቲክ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ጉብታ ላይ ድም የሚል ድምፅ ከሰማህ እሱ ነው። የዘይት ምልክት ካየህበት ጥንዱን ቀይር።

የተበሉት ጎማዎችህስ? ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ክር ወይም ሽቦ ከታየ አውልቀህ ጣላቸው። ኋላ ላይ አስሬ ልጨርሳቸው አትበል። ክረምት ላይ እርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ይዞርብሃል። ገና ጥርስ ካላቸውና ፊታቸው ግራ ቀኝ የማይለይ ዓይነት ከሆኑ ጎሚስታው ቸርኬው ላይ ገልብጦ ሊገጥማቸው ይችላል፣ የተበላው ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዳ መዳፍህን እንደነገርኩህ አድርገህ እንደገና አስኪድባቸው። አሁንም ከውጭ ወደ ውስጥ የሚቧጥጥህ ከሆነ ሁለቱን ወረቀቶች፣ ከመነካቱ በፊትና በኋላ የታተሙትን፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የአራቱንም ጎማ ቁጥር አይቼ የት እንደቀረ እነግርሃለሁ።